ከቆርቆሮው በፊት ሰው

አጎት በአንድ የመድን ድርጅት የካሳ ክፍል ለረጅም ዘመን ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። የእህታቸው ልጅ ያገለገለች ቪትዝ መኪና ገዝታ ሊብሬውን በስሟ አዙራለች። የቀራት ኢንሹራንሱ ነው። ሁለት የዋጋ ማቅረቢያ ይዛ ቤታቸው መጥታለች።

የእህት ልጅ፦ ጋሼ፣ እስቲ እነዚህን ይዩልኝ። አንደኛው ሦስተኛ ወገን ብቻ ነው፤ ዋጋው ቀላል ነው። ሌላው ሙሉ ኢንሹራንስ ነው፤ እሱ ደግሞ ደመወዜን ጠራርጎ ይወስደዋል። መሥሪያ ቤት ያሉት ሁሉ «ሙሉውን ግቢና እንቅልፍሽን ተኚ» ይሉኛል።

አጎት፦ እንቅልፉ ይደርሳል። መጀመሪያ ንገሪኝ፤ በዚህች መኪና ምን ይደርስብኛል ብለሽ ነው የምትፈሪው?

የእህት ልጅ፦ መገጨት ነዋ! ስርቆትም አለ። ያለኝን ጥሪት ሁሉ ነው ያፈሰስኩባት። የጎደለውንም ከቁጠባና ብድር ማኅበር ተበድሬ ነው የሞላሁት።

አጎት፦ ሁሉም ሰው እንዲህ ነው የሚለው። ከጠረጴዛዬ ፊት ለፊት የሚቀመጠው ባለመኪና ሁሉ ወሬው ስለ ኮፈን፣ ስለ ፓራውልት፣ ስለ ቀለም ነበር። በፓራውልት ምክንያት ቤቱን የሸጠ ሰው ግን አላየሁም። ቤታቸውን ሲሸጡ ያየኋቸው ሰው የገጩት ናቸው። ስለዚህ ከመገጨትሽ በፊት ስለ መግጨትሽ እናውራ።

የእህት ልጅ፦ እሱንማ ሦስተኛ ወገኑ ይችለው የለ? ግዴታም እኮ ነው።

አጎት፦ ግዴታ ነው፤ መሆኑም ደግ ነው። አዋጅ ቁጥር 559 በ2000 ዓ.ም. ወጣ፤ በ2005 ዓ.ም. ደግሞ አዋጅ ቁጥር 799 ተተካበት። ያለዚህ ሽፋን መኪናዋን መንገድ ላይ ማውጣት አትችይም። የአዋጁ ዋና ሐሳብ ግን ባለመኪናውን ማዳን አይደለም፤ መንገድ ዳር ያለውን ሰው ነው። ቀድሞ አባወራው በመኪና የሞተበት ቤተሰብ ክስ መሥርቶ፣ ዓመታት ተመላልሶ፣ ቢፈረድለት እንኳ ገጪው ምንም የሌለው ሰው ከሆነ ፍርዱን ይዞ ባዶ እጁን ቤቱ ይገባ ነበር። አሁን ገጭቶ ያመለጠ ወይም ኢንሹራንስ ያልገባ መኪና ለጎዳው ሰው የሚክስ የመድን ፈንድ አለ፤ ድርጅቶቹ ከሚሰበስቡት አረቦን የሚያዋጡት ነው። አደጋ የደረሰበት ሰው ደግሞ አቅራቢያው ወዳለ ጤና ተቋም ሲገባ፣ በአዋጁ እስከተወሰነው ገንዘብ ድረስ የድንገተኛ ሕክምና ያገኛል። «መጀመሪያ ክፈል» ተብሎ በር ላይ ደሙ መፍሰስ የለበትም። ከአዋጁ ሁሉ ለእኔ ትልቁ ነገር ይህ ነው።

የእህት ልጅ፦ ታዲያ ምኑ ነው የጎደለው?

አጎት፦ ጣሪያው። የ2005ቱ አዋጅ ለሞት ከ5,000 ብር የማያንስ፣ ከ40,000 ብር የማይበልጥ ካሳ ወሰነ። ለአካል ጉዳት እስከ 40,000፣ ለንብረት እስከ 100,000 ብር።

የእህት ልጅ፦ ቆይ ጋሼ! ለሰው ነፍስ 40,000፣ ለንብረት 100,000?

አጎት፦ ለሰው የተባለው በነፍስ ወከፍ ነው። ቢሆንም ልክ ነው የሰማሽው፤ እኔም ይቆጠቁጠኝ ነበር። ልጅ ከሞተበት አባት ፊት ተቀምጦ ያንን ቁጥር መጥራት ምን ያህል እንደሚከብድ የሚያውቀው የጠራው ነው። ኋላ በወጣ ደንብ ጣሪያዎቹ ከፍ ተደርገዋል፤ አሁን የሚሠራበትን ከሚሰጡሽ ሰነድ ላይ አንብቢው። ግን ምንም ያህል ከፍ ቢል ያው ጣሪያ ነው። ያንቺ ኃላፊነት ደግሞ ጣሪያ የለውም።

የእህት ልጅ፦ እንዴት የለውም?

አጎት፦ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2081ን አንብቢ። የመኪና ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው። ሌላ ሰው ቢነዳውም፣ ያ ሰው ሳይፈቀድለት ቢነዳውም ኃላፊ ነው። የሚያመልጠው መኪናው በዚያ ሰዓት ተሰርቆበት እንደነበር፣ ወይም ጥፋቱ የተጎጂው የራሱ እንደሆነ ካስረዳ ነው። «እኔ እኮ አላጠፋሁም» ብቻውን አያድንም። እንግዲህ በዓይነ ልቦናሽ እዪው፤ ጠዋት ወደ ሥራ ስትሄጂ፣ ዝናብ ጥሎ፣ ሜክሲኮ አካባቢ አንዲት እናት ከታክሲ ወርዳ ስትሻገር ፍሬኑ ከዳሽ። እጇ ከጥቅም ውጪ ሆነ። ሴትየዋ እንጀራ ጋግራ ለሱቅ እያስረከበች ሦስት ልጆች የምታሳድግ ናት። ፍርድ ቤት የሚያሰላው እስከ ሕክምናዋ ድረስ ብቻ አይደለም፤ ከዚያ በኋላ የማትጋግረውንም እንጀራ ነው። መድን ድርጅቱ እስከ ጣሪያው ይከፍላል። የቀረውን ከሳሽ ይዞ የሚመጣው ወዳንቺ ነው፤ ወደ ደመወዝሽ፣ ወደዚችው መኪና፣ ካለሽም ወደ ቤትሽ።

የእህት ልጅ፦ ይሄንን ማንም አልነገረኝም። የጠየቁኝ የመኪናዋን ዋጋና የተሠራችበትን ዘመን ብቻ ነው።

አጎት፦ ገዢው የሚጠይቀው ስለ መኪናው ነው፤ ሻጩም የሚመልሰው ስለ መኪናው ነው። ሙሉ በሚሉት ውል ውስጥ ከግዴታው ጣሪያ በላይ ለሦስተኛ ወገን የሚከፈል ገደብ ይገባል። ተጨማሪ አረቦን ተከፍሎ ያንን ገደብ ከፍ ማድረግ ይቻላል። ለመኪናዋ ከምትከፍይው ጋር ስታስተያዪው ጭማሪው ብዙ አይደለም። ነገ ስትሄጂ የመጀመሪያ ጥያቄሽ ይህ ይሁን፦ «ሰው ብገጭ እስከ ስንት ትከፍሉልኛላችሁ? ንብረት ባበላሽስ?» ቁጥሩን ጽፈው ይስጡሽ። ገንዘብ ካነሰሽ ከሌላው ቀንሺ እንጂ ከዚህ አትቀንሺ።

የእህት ልጅ፦ እኔ ራሴ ብጎዳስ? አብሮኝ ያለ ሰውስ?

አጎት፦ አንቺ ነጂዋ ለራስሽ ሦስተኛ ወገን አይደለሽም። ለነጂና ለተሳፋሪ የግል አደጋ ሽፋን የሚባል አለ፤ በወንበር ልክ ይገዛል። እናትሽን ይዘሽ የምትዞሪ ከሆነ አስገቢው። የእስር ቅጣትንና የገንዘብ መቀጮን ግን ማንም መድን አይሸፍንልሽም፤ ሰው ከሞተ የወንጀሉ ጉዳይ በራሱ መንገድ ይሄዳል።

የእህት ልጅ፦ እሺ፣ አሁን ወደ ቆርቆሮዬ ልመለስ።

አጎት፦ ተመለሺ፤ እሱም ላብሽ ነው። ሙሉ ኢንሹራንስ ግጭትን፣ መገልበጥን፣ እሳትን፣ ስርቆትን ይሸፍናል። በመሃል ሦስተኛ ወገን ላይ እሳትና ስርቆት ብቻ የተጨመረበት አለ፤ ዋጋው ለወደቀ መኪና ይሆናል፣ ላንቺ አይደለም።

የእህት ልጅ፦ ሙሉው ግን ሁሉንም ነው አይደል የሚይዘው?

አጎት፦ አይደለም። ሞተር በዕድሜው ቢነክስ፣ ጎማ ቢያልቅ፣ ማርሽ ቢበላሽ አይመለከተውም። ጠጥተሽ ወይም መንጃ ፈቃድሽ ሳይታደስ ብትነጂ ችግር ውስጥ ነሽ። ጦርነት፣ ሁከትና ብጥብጥ በመደበኛው ውል ውስጥ የሉም። ሽፍታና የታጠቀ ኃይል ለሚያደርሰው ጉዳት፣ ለፖለቲካ ነውጥም ለብቻቸው የሚጨመሩ ሽፋኖች አሉ፤ በዚህ ዘመን ከአዲስ አበባ ወጥቶ የሚነዳ ሰው ሳይጠይቅ መውጣት የለበትም። ስፖኪዮሽን ደግሞ ማታ ፈትተው ቢወስዱትስ?

የእህት ልጅ፦ ስርቆት አይደል እንዴ? ይከፈለኛል።

አጎት፦ በብዙዎቹ ውሎች አይከፈልሽም። ስርቆት ሲሉ መኪናዋ ራሷ ስትሰረቅ ነው፤ የተፈታ ዕቃ ለብቻው ካልተጨመረ በቀር አይገባም። ብዙ ሰው ይህን የሚያውቀው መስታወቱን ካጣ በኋላ ነው፤ ያኔ ደግሞ «አጭበረበሩኝ» ይላል። የውሉን «የማይሸፈኑ» የሚለውን ገጽ ከሚሸፈኑት በፊት አንብቢ።

የእህት ልጅ፦ ጋሼ፣ ታናሽ ወንድሜ ማታ ማታ በስልክ የሚጠራ ታክሲ ሊሠራባት አስቦ ነበር። ዕዳውን እንዲያግዘኝ።

አጎት፦ ሰሌዳዋ የግል አይደለም? ውሉ ላይ የሚጻፈው «ለግል አገልግሎት» ነው። ሰው ጭኖ ገንዘብ ሲቀበልባት አደጋ ቢደርስ፣ የመድን ድርጅቱ መርማሪ መጀመሪያ የሚጠይቀው ተሳፋሪውን ነው፦ «ሂሳብ ከፍለሃል?» ከፍያለሁ ካለ የመኪናሽ ካሳ እዚያው ያበቃል። ሊሠራባት ከሆነ ፈቃዱም፣ ሰሌዳውም፣ ውሉም ለዚያ የሚሆን ይሁን። አረቦኑ ይጨምራል፤ ቢሆንም የሚሠራ ውል ይዘሻል።

የእህት ልጅ፦ እሺ። ሌላው ደግሞ ይሄ «የተገመተ ዋጋ» የሚለው ነው። ሻጩ የነበረውን የባለፈውን ዓመት ውል አሳይቶኝ፣ እሱ ላይ 1,200,000 ብር ይላል። አረቦኑም ስለሚቀንስልኝ በዚያው ላስቀጥል ብዬ ነበር።

አጎት፦ አንቺ በስንት ገዛሻት?

የእህት ልጅ፦ ሁለት ሚሊዮን።

አጎት፦ እንግዲህ እዚህ ላይ ቁጭ ብለን እናስላ፤ በዚህ ጊዜ እንደዚህ ብዙ ሰው የሚጎዳበት ነገር የለም። ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ ሲወሰን የመኪናም የመለዋወጫም ዋጋ ሽቅብ ወጣ። ውሎቹ ግን በድሮ ዋጋ ቀሩ። አሁን መኪናሽ ተጋጭታ ጥገናው 300,000 ብር ወጣ እንበል። ስንት ይከፍሉሻል?

የእህት ልጅ፦ 300,000። ከ1,200,000 በታች ነው እኮ።

አጎት፦ 180,000 ብር ነው።

የእህት ልጅ፦ ለምን?

አጎት፦ የሁለት ሚሊዮን ንብረት ይዘሽ ለአንድ ሚሊዮን ሁለት መቶ ሺው ብቻ ነው አረቦን የከፈልሽው። ከመቶ 60 እጁን መድን ድርጅቱ ያዘ፤ 40 እጁን ራስሽ ለራስሽ መድን ሆነሽ ያዝሽ። ስለዚህ ከማንኛውም ጉዳት 40 እጁ ያንቺ ነው። የንግድ ሕጋችንም የሚለው ይህንኑ ነው፤ ድርጅቶቹ ከኪሳቸው አውጥተው የፈጠሩት ተንኮል አይደለም። መኪናዋ ጨርሳ ብትወድም ደግሞ የሚከፈልሽ ቢበዛ 1,200,000 ነው፤ በዚያ ሌላ ቪትዝ አትገዢም፤ የማኅበሩ ዕዳ ግን ይቀጥላል።

የእህት ልጅ፦ እንግዲያው ሦስት ሚሊዮን ላስጽፋት?

አጎት፦ ያም አይሆንም። ካሳ የጠፋብሽን ሊተካ እንጂ ሊያተርፍሽ አይችልም። ሦስት ሚሊዮን ብታስጽፊ በአደጋው ቀን ሁለት ሚሊዮን የምታወጣ ከሆነ የሚከፈልሽ ሁለት ነው፤ ትርፍ የከፈልሽው አረቦን በከንቱ ይቀራል። የዛሬን የገበያ ዋጋ ነው የምታስጽፊው። በዓመቱ መሃል ዋጋ ከጨመረም እስከ እድሳት አትጠብቂ፤ ሄደሽ ልዩነቱን ከፍለሽ ውሉን ታስተካክያለሽ። እንዲህ የሚያደርግ ሰው ጥቂት ነው። ደንበኛን ይህን ለማሳመን ብዙ ሞክሬአለሁ፤ ሰው ግን ዓይኑ አረቦኑ ላይ ነው።

የእህት ልጅ፦ ዋጋው ከፍ ካለ አረቦኑም ከፍ ይላል። የሦስተኛ ወገኑንም ገደብ ከፍ አድርጊ ብለውኛል። ከየት ላምጣው?

አጎት፦ ከኤክሰሱ። ኤክሰስ ማለት በእያንዳንዱ አደጋ መጀመሪያ አንቺ የምትችይው ገንዘብ ነው። «ትንሿን እኔ እችላለሁ፤ ትልቋን እናንተ ያዙልኝ» ብለሽ ኤክሰሱን ከፍ ካስደረግሽ ብዙ ጊዜ አረቦኑን ይቀንሱልሻል። ትንሽ ጭረት ይዘሽ ካሳ ክፍል መሰለፍም ጥቅሙ አይታየኝም። ዓመቱን ካሳ ሳትጠይቂ ከዘለቅሽ በሚቀጥለው ቅናሽ አለ፤ ለአንድ ፓራውልት ብለሽ ቅናሹን ታጪያለሽ። ደግሞ ያሮጌ መኪና ዕቃ በአዲስ ሲተካ የእርጅና ተቀናሽ ይኖራል። ኤክሰሱ ተነሥቶ፣ እርጅናው ተነሥቶ፣ ቅናሹ ጠፍቶ የሚተርፍሽን አስቢው።

የእህት ልጅ፦ ለትንሽ ነገርማ ማን ይሄዳል! መንገድ ላይ ተስማምቶ መለያየት ነው።

አጎት፦ እሱንም በጥንቃቄ። የፍሬቻ መስታወት ከሆነ ተስማሚና ሂጂ፤ ፎቶ አንሺ፣ ሰሌዳውን ጻፊ። ሰው ከተነካ ግን፣ «ምንም አልሆንኩም» ቢልሽ እንኳ፣ ሐኪም ቤት ውሰጂው፤ ፖሊስም ይምጣ፤ የትራፊክ ፕላኑም ይነሣ። በማግስቱ የውስጥ ደም መፍሰስ የታየበት ስንት ሰው አለ! መኪና ከመኪና ሲጋጭም ቢሆን የትራፊኩ ፕላን ዋጋ አለው። ሕጉ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ካልተረጋገጠ ሁለቱም እኩል እንዳጠፉ ቆጥሮ ጉዳቱን ለሁለት ያካፍላል። በቂ ማስረጃ ሳይዙ ቀርተው የካሳቸውን ግማሽ የሚያጡ ብዙ ናቸው። ለመድን ድርጅቱም ቶሎ አሳውቂ፤ ሳይነገራቸው ጋራዥ የገባች መኪና ስንት ጣጣ አላት።

የእህት ልጅ፦ ሰው ቢሞትስ፣ እግዚአብሔር አያምጣው፣ ሽማግሌ መላክ ያለ ነው።

አጎት፦ ያለ ነው፤ ይኑርም። ሐዘን ቤት ሄዶ መቀመጥ፣ ቤተሰቡን ይቅርታ መጠየቅ ኢንሹራንስ የሚተካው ነገር አይደለም። ድንኳን ጥለው የተቀመጡ ሰዎች ገጪው እንኳን ሊያጽናናቸው ስሙን ደብቆ እንደቀረ ሲነግሩኝ ሰምቻለሁ፤ ከገንዘቡ ይልቅ ይህ ነበር የሚያንገበግባቸው። ነገር ግን ሽማግሌ ፊት «ይህን ያህል እከፍላለሁ» ብሎ መፈረም ሌላ ነው። ውሉ ያለ ድርጅቱ ፈቃድ ኃላፊነት አትቀበዪ፣ በገንዘብ አትስማሚ ይላል። በዕርቅ የከፈልሽውን «መልሱልኝ» ብትይ፣ ሕግ ያስገደደሽን ነው የምንከፍለው ይሉሻል። ስለዚህ ለዕርቁ ሂጂ፤ የካሳውን ገንዘብ ጉዳይ ግን ድርጅቱ ባለበት አድርጊው። ለቤተሰቡም የሚሻለው ይህ ነው፤ ከአንቺ ደመወዝ በየወሩ ከሚንጠባጠብ ይልቅ ከድርጅቱ የሚገባቸውን አንድ ጊዜ ያገኛሉ።

የእህት ልጅ፦ እሺ ጋሼ፤ ነገ ሄጄ አስተካክለዋለሁ። ገደቡን ከፍ፣ ዋጋውን ሁለት ሚሊዮን፣ ኤክሰሱን ከፍ፣ የእናቴን ወንበርም ጨምሬ። ወንድሜም ታክሲውን ይተወዋል።

አጎት፦ ታክሲውን ይተው፤ መኪናዋንስ አይነዳም?

የእህት ልጅ፦ ለራሱ ጉዳይ አልፎ አልፎ መንዳቱማ አይቀርም። እንዴት እከለክለዋለሁ?

አጎት፦ መንጃ ፈቃድ ያወጣው መቼ ነው?

የእህት ልጅ፦ ዓመት አልሞላውም።

አጎት፦ እንግዲያው የማመልከቻው ቅጽ ላይ ማን እንደሚነዳ ሲጠይቁሽ ስሙን፣ ዕድሜውንና መንጃ ፈቃዱን ያወጣበትን ጊዜ ጻፊ። ለአዲስ ነጂ ኤክሰሱን ይጨምሩብሽ ይሆናል፤ ይጨምሩ። ከደበቅሽ ግን አደጋው በደረሰ ቀን ውሉን ራሱን «ሐሰት ነግረሽናል» ብለው ሊያፈርሱት ይችላሉ። አንቀጽ 2081 ደግሞ ወንድሜ ነው የነዳት ብትይም አይለቅሽም።

የእህት ልጅ፦ እማዬ «እሱን አታንሺላቸው፣ ዋጋ ያስወድዱብሻል» ብላኛለች እኮ።

አጎት፦ ለእናትሽ እኔ እደውልላታለሁ። አንቺ ቅጹን በትክክል ሙዪ።